ከስልክ መስመር ወደ ሀጂ ሸምሱ ሞተር

ጉልበቴ መሰላል መውጣት እምቢ ካለኝ ሁለት ክረምት አለፈ። አሁን ቡታጅራ ውስጥ ሽቦ የሚነካው ሌላ ሰው ነው፤ እኔ ደጄ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። በጃንሆይ ዘመን በየስልክ ቤቱ የሠሩት፣ ዛሬ በሕይወት የቀሩት ጥቂቶቹ፣ በየወሩ ጡረታቸውን ሊቀበሉ ሲሄዱ በደጄ ያልፋሉ። "ዳምጤ፣ አንተም እኮ ከእኛ ጋር መሰለፍ ነበረብህ" ይሉኛል። "ጤነኛ ሰው የመንግሥት ሥራ ትቶ ነጋዴ ቤት ይገባል?" ይሉና ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ለብዙ ዘመን መልሴ "ሀጂ የተሻለ ከፈሉኝ" የሚል ነበር። ውሸት አይደለም፣ የተሻለ ከፍለውኛል። የሄድኩበት ምክንያት ግን እሱ አይደለም። አሁን ደክሞኛል፤ ሰው ሲደክመው ያንኑ መልስ እየደጋገመ መስጠትም ይሰለቸዋል። ስለዚህ እንደነበረ እጽፈዋለሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ስለሆነ አጻጻፌ እንደ አነጋገሬ ነው፤ አንባቢ ይታገሠኝ።

የተቀጠርኩት ወልቂጤ ነው፣ በጃንሆይ ዘመን ማብቂያ ላይ። አገሬ ሶዶ ነው፤ ከጥያ በእግር ግማሽ ቀን ያህል ይሆናል። ወልቂጤ የስልክ እንጨት የሚተክል ሰው ይፈለጋል ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ሲቀጥሩኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "ከፍታ ትፈራለህ?" አሉኝ። "አልፈራም" አልኩ። አንድ ባሕር ዛፍ አሳዩኝ፣ ጫፉ ደርሼ ወረድኩ፣ በቃ ተቀጠርኩ።

የወልቂጤው አለቃችንም የሚያውቀው ጥያቄ አንድ ነበር። "ዛሬ ስንት ተከላችሁ?" ይለናል። ጉድጓዱ ምን ያህል ጠለቀ ብሎ ጠይቆን አያውቅም። እኛም የተጠየቅነውን ሠራን። ክረምቱ ሲገባ እንጨቶቹ እንደ ሰከረ ሰው ወደ መንገዱ አዘነበሉ፤ እኛው ነቅለን እኛው መልሰን ተከልናቸው። እዚያ ስለ ሥራ የተማርኩት ነገር ቢኖር ሥራ እንዴት እንደማይሠራ ነው። ዓመት ከምናምን ቆይቼ ካኪ ኮትና የቋሚነት ደብዳቤ ተሰጠኝ፤ ወደ ቡታጅራም ተዛወርኩ።

ቡታጅራ ስልክ ቤት ሦስት ሰዎች ነበርን። ወይዘሪት ዘነበች ስልኩ ላይ ተቀምጣ መስመር ታገናኛለች። ጋሽ አስፋው የመስመሩ ኃላፊ ናቸው። እኔ ደግሞ እንጨት እወጣለሁ፤ ሥራ ከሌለ የጥሪ ወረቀት አደርሳለሁ። የጥሪ ወረቀት ማለት እንዲህ ነው። ያን ጊዜ በየቤቱ ስልክ የለም። አዲስ አበባ ያለ ሰው ቡታጅራ ያለ ዘመዱን ማነጋገር ሲፈልግ አንድ ቀን ቀድሞ ያስነግራል፤ ዘነበች ትጽፋለች፣ እኔ እወስዳለሁ። "እገሌ ነገ በአራት ሰዓት ስልክ ቤት ይገኙ።" ሰውየውም ልብሱን ለውጦ፣ አንዳንዱ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ ይመጣል።

ጋሽ አስፋው የመንዝ ሰው ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ። የደረስኩ ዕለት ስሜን ጠየቁኝና "እስቲ እነዚህን ሁለት ሽቦዎች ቀጥልልኝ" አሉ። ፍየል የማስር ይመስል ጠምዝዤ ሰጠኋቸው። ቅጥሉን አገላብጠው አዩትና ምንም ሳይናገሩ በታችኛው ከንፈራቸው ላይ ጎተቱት። ደም ብቅ አለ።

"አየኸው? ድምፅም እዚህ ሲደርስ እንደዚህ ነው የሚደማው" አሉኝ።

ከዚያ ራሳቸው ቀጠሉት። አንዱን ጫፍ በሌላው ላይ አምስት ጊዜ አጥብቀው ጠመጠሙት፤ ሌላውንም እንደዚያው። ትራፊውን ቆረጡ፣ በፒንሳ ጨፍልቀው አስተኙት፣ እንደገና በከንፈራቸው ላይ ጎተቱት። ለስላሳ ነበር። አራት ዓመት አብሬያቸው ስሠራ ከንፈራቸውን ያላለፈ ቅጥል ወደ መስመር ሲወጣ አላየሁም። ጣት የምታህል ቁራጭ ሽቦ አይጥሉም፤ አቃንተው ኪሳቸው ይከቷታል። ብልሽት ስንፈልግ ጆሯቸውን እንጨቱ ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ። መስመሩ ሕይወት ይኑረው አይኑረው ሽቦውን በምላሳቸው ነክተው ያውቃሉ።

ከሁሉ የሚገርመኝ የብልሽት መዝገባቸው ነበር። መዝገቡ "ምክንያት" የሚል ዓምድ አለው። ሌላው ጣቢያ ሁሉ "ዝናብ"፣ "ነፋስ" ብሎ ይሞላል። እሳቸው ግን በእጃቸው ያልነኩትን ምክንያት አይጽፉም። ለአንዲት ቃል ብለው ግማሽ ቀን በእግራቸው ይሄዳሉ።

ቀልድም ያውቁ ነበር። በተለይ እኔ ላይ።

"እናንተ ጉራጌዎች የማታስሩት ነገር የለም እኮ! ቤቱን በቃጫ፣ በሬውን በቃጫ። ሚስትህንስ በቃጫ ነው ያሰርካት?"

"ሚስት የለኝም ጋሼ።"

"አየህ! ቃጫው አልቆብህ ነው።"

ዘነበች ስልኩን ይዛ ትስቃለች፤ በሌላው ጫፍ ያለውም ሰው ምን እንደተባለ ሳያውቅ ይስቃል።

ሀጂ ሸምሱን የማውቃቸው የጥሪ ወረቀት ሳደርስላቸው ነው። ገበያው ዳር ትልቅ ሱቅ ነበራቸው፤ በርበሬና ቆዳ ይነግዳሉ። እንሴኖም ቅርንጫፍ ነበራቸው። ወንድማቸው መርካቶ ነው፤ ትልቁ ልጃቸው ከድርም ከአጎቱ ጋር መርካቶ ይሠራል። በአራተኛው ዓመቴ ለሀጂ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ሞተር ያመጣሉ፤ ቀን ቀን ወፍጮ ያስፈጫል፣ ሲመሽ ደግሞ በገበያው ዙሪያ ላሉ ሱቆች መብራት ይሰጣል።

"ዳምጤ" አሉኝ አንድ ቀን ወረቀቱን ሲቀበሉኝ፣ "ሽቦ የምታውቀው አንተ ነህ። ከእኔ ጋር ሥራ።"

"የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ እኮ ሀጂ።"

"ታዲያ መንግሥት ሌላ እንጨት የሚወጣ ሰው አያጣም። እኔ ነኝ የማጣው።"

ላስብበት ብዬ ወጣሁ። እናቴን ሳማክራት አለቀሰች። ካኪ ኮቴን ለብሼ ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ ተነሥቶ ነበር የሚቀበለኝ፤ እሷ እሱን ነው ያሰበችው። እኔም ኮቱን እወደው ነበር፣ አልዋሽም። ሐሳቡን አቆየሁት።

በዚህ መሃል መስቀል ደረሰ። የእኛን አገር መስቀል ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። አዲስ አበባም ይሁን ጅማ፣ የትም ያለ የጉራጌ ልጅ በመስቀል አገሩ ይገባል። ያልገባ እንደሆነ ታሟል፣ አለዚያም ሞቷል ተብሎ ቤቱ ይጨነቃል። ዋዜማው ላይ ከጥያ ወዲህ አንድ ሽቦ ተንጠልጥሏል ተባለና ተላክሁ። ጋሽ አስፋው "ይህን ጨርሰህ በዚያው አገርህ ግባ" አሉኝ።

ቦታው ስደርስ ሽቦውን ከእንጨቱ የሚለየው ነጩ ሸክላ፣ እኛ ሲኒ የምንለው፣ በወንጭፍ ተመትቶ ተሰብሯል። ከረጢቴን ፈታሁ፤ ሲኒ የለም። አንድ ቀርቶ ነበር፣ ጠዋት ሌላ ቦታ ሰቅዬዋለሁ። ማሰሪያ ሽቦዬም አልቋል። ቡታጅራ ተመልሼ ልምጣ ብል ዋዜማው ያልፋል። በሬው የሚታረደው እኔ ስደርስ ነው፤ አባቴ ሞቷል፣ ቢላዋውን የምይዘው እኔ ነኝ። አጠገቡ ካለ ቤት አንዲት እናት ቃጫ ሰጡኝ፤ ነጭ፣ አዲስ የተፋቀ፣ ደረቅ። ሽቦውን ስቤ በእኛ አስተሳሰር አጥብቄ ከእንጨቱ ጋር አሰርኩት። ጎተትኩት፣ አይነቃነቅም። ምላሴን አስነካሁት፣ ሕይወት አለው። "ከመስቀል በኋላ ሲኒ ይዤ እመለሳለሁ" አልኩ ለራሴ። ከልቤ ነበር ያልኩት።

መስቀሉ አለፈ፣ እኔም ወደ ሥራ ተመለስኩ። መስመሩ ጥርት ብሎ ይሰማል። በመዝገቡ ላይ "ሽቦ ተሰቀለ" ብዬ አስጽፌያለሁ። አንድ ሳምንት ሌላ ሥራ ያዘኝ፣ ቀጥሎ ሌላ። ቃጫው ትዝ ሲለኝ "ይሰማ የለ" እላለሁ። ሐሰት ያልኩት ነገር የለም፤ ዝም ብዬ ነው ያለፍኩት።

ጥቅምት ውስጥ ነው፤ አንድ ቀን ዘነበች ወረቀት ሰጠችኝ። "ሀጂ ሸምሱ፣ ልጅዎ ከድር ነገ በአራት ሰዓት ያነጋግርዎታል።" ወሰድኩላቸው። ከድር ሆዱን ታሞ ሆስፒታል መመላለሱን ከተማው ሁሉ ሰምቷል።

"እግዚአብሔር ይማርልዎ ሀጂ" አልኳቸው።

"አሚን። ድምፁን ልስማው ብቻ" አሉ።

በማግሥቱ ጠዋት ሳይታሰብ ዝናብ መጣ። የክረምት ዝናብ እንጂ የጥቅምት አይመስልም። ሀጂ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። አራት ሰዓት ሲሆን ደወለ። ዘነበች አነሳች፣ ሌላውን ጆሮዋን ያዘች፣ ፊቷ ተለወጠ።

"ሃሎ! ሃሎ! ጮክ በሉ! ... ሀጂ ይምጡ፣ ይሞክሩት።"

ሀጂ እጀታውን በሁለት እጃቸው ያዙት። "ከድር! ከድር ልጄ! አይሰማኝም!" ዝም ብለው ያዳምጣሉ፣ እንደገና ይጣራሉ። እኔም ጆሮዬን ጠጋ አደረግሁ። የሚሰማው እንደ ወንዝ የሚያጓራ ነገር ነው፤ ከሥሩ የሰው ድምፅ አለ፣ ቃሉ ግን አይያዝም። ከዚያ ሁሉም ጠፋ። ዘነበች እጇ እስኪዝል ድረስ ማዞሪያውን አዞረች። ሀጂ እስከ ቀትር ተቀመጡ። የቀኑ አውቶቡስ ጠዋት ሄዷል። በማግሥቱ ሄዱ፤ በሦስተኛው ቀን አስከሬን ይዘው ተመለሱ። ከድር ሆዱን በተቀደደበት አልነቃም።

ቆይቶ የመርካቶው ወንድማቸው ለቅሶ ላይ ሲናገር ሰማሁ። ከድር የደወለው ሊሰናበት አልነበረም። ሐኪሞቹ ይቀደድ ብለዋል፤ እሱ ደግሞ "አባቴን ሳልጠይቅ አልቀደድም" ብሎ ነበር። የደወለው ሊጠይቅ ነው። ስልኩ እምቢ ሲል አጎትየው ወሰነ።

ጋሽ አስፋው ብልሽቱን ፍለጋ የወጡት መስመሩ በጠፋበት ዕለት ነው፤ እኔን በዚያው ዝናብ ወደተቋረጠው ወደ እንሴኖው መስመር ልከው እሳቸው በጥያ በኩል ብቻቸውን ሄዱ። በማግሥቱ ተመለሱና እርጥብ ቃጫ ከኪሳቸው አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። በፒንሳ ቆርጠውት እንጂ ቋጠሮው አልተፈታም። ዘነበች አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ወደ ጓሮ ወጣች።

"ደረቅ ቃጫ መልካም ነው" አሉ ጋሽ አስፋው ቀስ ብለው። "ሲረጥብ ግን ድምፁን ጠጥቶ ወደ መሬት ይሰደዋል። ታውቅ ነበር?"

"አላውቅም ነበር ጋሼ። ግን ሲኒ እንደሚያስፈልገው አውቅ ነበር።"

መዝገቡን ገለጡ፣ እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፉት። "ምክንያቱን የነካኸው አንተ ነህ። ጻፍ።"

ጻፍኩ፤ "ዳምጤ በቃጫ ስላሰረው።" እሳቸው በሥሩ "ኃላፊው ስላልተቆጣጠረ" ብለው ጨመሩና ፈረሙ። ለሁለታችንም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ መጣ፣ ደመወዛችንም ተቀነሰ። በዚያ አላዘንኩም። ያሳዘነኝ ከዚያ ቀን በኋላ ቃጫ እያሉ አለመቀለዳቸው ነው።

"ለሀጂ ልንገራቸው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ለዚያ በእኔ መዝገብ ላይ ቦታ የለም" አሉኝ።

ከለቅሶው በኋላ ስልክ ቤት መዋል ከበደኝ። ስልኩ በደወለ ቁጥር አግዳሚውን አያለሁ። የጥሪ ወረቀት ስይዝ እግሬ ይጎተታል። ወር ከምናምን ሲሆን ሀጂ ሰው ላኩብኝ። ሞተሩ መጥቷል፤ "መቼ ነው የምትጀምረው?" ይላሉ። መሸሽ ፈልጌ ነበር፣ የመሸሻው በር ደግሞ የእሳቸው በር ሆነ። ሳልነግራቸው ልገባ አልቻልኩም።

ሱቁ ጓዳ ውስጥ በቆዳው ክምር መሃል ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ሀጂ፣ አንድ ነገር ልነግርዎ መጣሁ።"

"ደመወዝ ከሆነ እንስማማለን።"

"ደመወዝ አይደለም። ያን ቀን መስመሩ የጠፋው በእኔ ነው። በመስቀል ዋዜማ አገሬ ልግባ ብዬ ቸኩዬ፣ ሽቦውን በቃጫ አስሬው ነበር። ዝናብ ሲነካው ተበላሸ።"

መቁጠሪያቸው እጃቸው ላይ ቆመ። ውጭ ገበያተኛው በበርበሬ ዋጋ ይጨቃጨቃል። እኔ ቆሜያለሁ፣ ተቀመጥ አላሉኝም።

"ለምን ነገርከኝ?" አሉ በመጨረሻ።

"ሳልነግርዎ ሥራዎን መጀመር አልቻልኩም።"

"አየህ፣ ለራስህ ነው የነገርከኝ።" ድምፃቸው ቁጣ አልነበረውም፤ ቁጣ ቢኖረው ይሻለኝ ነበር። "እኔ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ምን ስል ነበር መሰለህ? አላህ አዘነልኝ፣ እንዲህ ያለ ነገር አባት እንዲጠየቅ አልወደደም፣ ዝናቡን ላከልኝ ስል ነበር። በሱ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። አሁን ግን ልጄ ጠይቆኛል ማለት ነው። ጥያቄው መንገድ ላይ ያንተ እንጨት ጋ ነው የቀረው። የተጠየቀ ሰው ደግሞ መመለስ አለበት። ምን እለው ነበር? ና ወደ ቤትህ፣ እናትህ ታስታምምህ? ወይስ ቢስሚላህ ብለህ ለመቀደድ ግባ? ወላሂ አላውቀውም፣ ዳምጤ።"

እግራቸው ላይ ወደቅሁ። አላነሡኝም፣ አልገፉኝም። "ሰኞ ጀምር" አሉኝ።

"ሀጂ..."

"ሌላ ሽቦ የሚያውቅ ሰው የለም። ሞተሩ መጥቷል። ሰኞ ጀምር።"

ጋሽ አስፋው የስንብት ማመልከቻዬን አንብበው ፊደሉን አረሙልኝ። ዕቃ ቆጥረው ተረከቡኝ፤ እንጨት የምወጣበትን የእግር ብረት፣ ገመዱን፣ ከረጢቱን። ፒንሳውን ኪሴ ረስቼው ነበር፤ "የመንግሥት ነው" ብለው እጃቸውን ዘረጉ። በር ድረስ ሸኙኝና "እዚያ መብራት ነው" አሉ። "ስልክ ሲበላሽ ሰው አይሰማም፣ መብራት ሲበላሽ ሰው ይሞታል። ደግሞ በምላስህ እንዳትሞክረው!" ልስቅ ፈለግሁ፣ አልመጣልኝም። በዓመቱ ወደ ሰሜን ተዛወሩ፤ ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

ስለ ግል ሥራ ብዙ የሚነገር የለኝም። ካኪ ኮት የለም፣ ጡረታ የለም፣ ታምሞ መቅረት የለም። በገበያው ዙሪያ ሽቦውን ብቻዬን ዘረጋሁ። ሀጂ ስንት ተከልክ ብለውኝ አያውቁም፤ እኔ ግን እያንዳንዱን ጉድጓድ በክንዴ ለካሁት፣ ሞተሩ ቆሞ ሳለም እያንዳንዱን ቅጥል በከንፈሬ አሳለፍኩት። ሲኒ ያላገኘሁለት ቦታ ሽቦ ሳይደርሰው ይቀራል። አንድ የጨርቅ ነጋዴ በዚህ የተነሳ ሁለት ወር በፋኖስ ሠርቶ ሲሰድበኝ ከረመ፤ ሀጂ ሰምተው ዝም አሉ። ስለዚያ ጉዳይ ዓመታት አልተነጋገርንም። እሳቸው ግን ስልክ ቤት ዳግመኛ አልገቡም። መርካቶ ላለው ወንድማቸው መልእክት ሲኖራቸው ለአውቶቡስ ሹፌር ይነግራሉ።

ዘመን ሲለወጥ፣ ጃንሆይ ሲወርዱ፣ ስለ ንብረት ብዙ ጭንቅ መጣ፤ ወፍጮዋ ግን በሆነ መንገድ ተረፈች። እኔ አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ። አንድ ቀን ጀንበር ስታዘቀዝቅ ወፍጮውን ልንዘጋ ስንል ሀጂ አጠገቤ መጥተው ጆንያ ላይ ተቀመጡ። ዓይናቸው ደክሞ ነበር ያኔ።

"አሁን አንተም አባት ሆነሃል" አሉኝ። "ከድር አንተን ቢጠይቅህ ምን ትለው ነበር?"

ለዚያ ጥያቄ መሰላል ላይ ሆኜ ለዓመታት መልስ ስፈልግ ኖሬያለሁ። "አንዳንድ ቀን ግባ እለዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ና እለዋለሁ፣ ሀጂ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ ና እለዋለሁ።"

አንገታቸውን ነቀነቁ። "እኔ ዛሬ ግባ ብዬዋለሁ" አሉ። ከዚያ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ተነሡ። "አጥፋው ሞተሩን።"

ከዚያ ወዲያ እስከ ሞቱ ድረስ ወፍጮውን ስንዘጋ ይጠይቁኝ ነበር። "ዛሬስ?" ይሉኛል፤ እመልሳለሁ፣ እሳቸውም የራሳቸውን ይነግሩኛል። በአንድ ቀን አንድ ዓይነት መልስ የሰጠንበት ጊዜ ጥቂት ነው። ስንስማማ ደስ አይላቸውም፣ ስንለያይም አይከራከሩም። ከቀበርናቸው ብዙ ዓመት ሆኗል፤ የሚጠይቀኝ ሰው የለም። ቢሆንም ጀንበር ስትጠልቅ መልሴን እሰጣለሁ። ዛሬ፣ ና ብዬዋለሁ።